ለፊደል የጠበበው ማሽን

በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ ቤይሩት የዓረብ አገሮች ጋዜጣና መጽሐፍ በብዛት የሚታተምባት ከተማ ነበረች (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1946 «አል ሐያት» ጋዜጣን የመሠረተው ካሚል ምሩዌ ግን አንድ ነገር ያስጨንቀው ነበር። የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ ጋዜጦች በሊኖታይፕ ማሽን በቁልፍ እየተመቱ በቶሎ ይደረደራሉ፤ ዓረብኛው ግን ወደ ኋላ ይጎተታል። የዓረብኛ ፊደል በቃል መጀመሪያ፣ በመሀል፣ በመጨረሻና ለብቻው ሲቆም መልኩን ይለውጣል። ማሽኑ ደግሞ የፊደል ቅርጾችን የሚያወርድባቸው መስመሮች 90 ብቻ ናቸው። ምሩዌ ከሊኖታይፕ ኩባንያ ጋር ሆኖ የደረሰበት መፍትሔ ፊደሉን መቀነስ ነበር። የአንዱን ፊደል አራት መልክ ወደ ሁለት አወረዱት፤ «ቀላሉ ዓረብኛ» ተባለ፣ በብዙ የዓረብ ጋዜጦችም ገባ። ሥራው ፈጠነ፤ በቁም ጽሕፈት ውበት ያደጉ ሰዎች ግን ፊደላቸው ለማሽን ሲባል መቆረጡ ቅር አሰኛቸው። ምሩዌ በግንቦት 1966 ቤይሩት ውስጥ ቢሮው ሳለ በጥይት ተገደለ። የፊደል ቅርጹ ከእሱ በኋላም ለረጅም ዘመን አገለገለ።

እኛም ይህንኑ ፈተና ከዚያ አስቀድመን አይተነዋል። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ ፊታቸው የቆመው 33 ጊዜ 7 ነው፤ 231 ሆሄ። ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ሦስት መቶ ገደማ ይደርሳል። የጽሕፈት መኪና ያሉት ቁልፎች ደግሞ ሃምሳ እንኳ አይሞሉም። የተገኘው መላ ሆሄውን በታትኖ መግጠም ሆነ፤ መጀመሪያ ግንዱ ይመታል፣ ቀጥሎ እግሩ ወይም ክንዱ ይቀጠልለታል። ከዚያ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ የተቀመጡት የኦሊቬቲ መኪናዎች የጻፉት ደብዳቤ ሁሉ ይህ መልክ አለው፤ ይነበባል፣ ነገር ግን ቅጥያው ከግንዱ ሳይገናኝ የቀረ፣ እግሩ አየር ላይ የተንጠለጠለ ሆሄ በየመስመሩ ይገኛል። ሦስት ትውልድ በዚህ መኪና ጽፏል። ሌላ አማራጭ ስላልነበረ ማንም ሊወቀስበት አይገባም።

ኮምፒውተር ሲመጣ ጥበቱ አልቀረም፤ እንዲያውም ሕግ ሆኖ ተጻፈ። በ1963 አሜሪካኖች ፊደልን በቁጥር የሚወክሉበትን ደረጃ «አስኪ» ብለው አወጡ። ቦታው 128 ነው። ለእንግሊዝኛ ይበቃል፤ ለሌላው ዓለም አልታሰበበትም። ኮምፒውተሩ ራሱ በዚያ ዘመን ክፍል የሚሞላ፣ የባንክ፣ የዩኒቨርሲቲና የጦር ኃይል ንብረት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥም በ1960ዎቹ እንደ አየር መንገድ ያሉ ጥቂት ትልልቅ ድርጅቶች ካርድ እየበሱ የሚያሠሯቸውን መሣሪያዎች አስገብተው ነበር። እንዲህ ባለው ማሽን ላይ «ፊደሌን ላስተምረው» የሚል ሰው ቢኖር ማን ያስጠጋዋል? ደቂቃው በገንዘብ የሚቆጠር፣ ቁልፉ በባለሥልጣን እጅ ያለ ንብረት ነው። የዚህ ታሪክ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ፊደላችን ወደ ኮምፒውተር የገባው ኮምፒውተር የአንድ ሰው ንብረት ለመሆን ከበቃ በኋላ ነው፤ ያስገቡትም ማንም ያላዘዛቸው ሰዎች ናቸው።

ኮምፒውተርን ወደ አንድ ሰው ጠረጴዛ ያወረደው ነገር የተጀመረው በሒሳብ ማሽን ነው። ቡሲኮም የሚባል የጃፓን ኩባንያ ለሒሳብ ማሽኖቹ የሚሆኑ ቺፖች እንዲሠራለት ኢንቴልን አዘዘ። ቴድ ሆፍ፣ ስታን ሜዞር፣ ፌዴሪኮ ፋጂንና ከቡሲኮም የመጣው ማሳቶሺ ሺማ የኮምፒውተርን አእምሮ በአንድ የሲሊከን ቅንጣት ላይ አሰፈሩት። በኅዳር 1971 ለገበያ ቀረበ፤ ስሙ 4004። በ1973 ፈረንሳይ ውስጥ ፍራንሷ ዠርኔል ከእሱ ቀጥሎ በመጣው ቺፕ «ሚክራል» የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ለግብርና ምርምር ተቋም ሠራ። በ1974 ኢንቴል 8080ን አወጣ።

1974 ለእኛ ሌላ ዓመት ነው። በየካቲት አብዮቱ ፈነዳ፣ በመስከረም ንጉሡ ወረዱ፣ በታኅሣሥ ተማሪና መምህሩ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላከ። ዘማቾቹ በየገበሬው መንደር ሀሁ ማስተማር ሲጀምሩ፣ በጥር 1975 «ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ» የተባለ የአሜሪካ መጽሔት በሽፋኑ ላይ ሰማያዊ ሣጥን ይዞ ወጣ። ሣጥኑ አልቴር 8800 ነው።

የሠራው ኤድ ሮበርትስ ነው፤ የአየር ኃይል ባልደረባ የነበረ፣ በኒው ሜክሲኮ አልቡከርኪ ከተማ የሒሳብ ማሽን እየሸጠ በዕዳ የተዘፈቀ ሰው። አልቴር ተገጣጥሞ አይመጣም። ከ400 ዶላር በታች የከፈለ ሰው ዕቃው በፖስታ ይላክለትና በብየዳ ራሱ ይገጥመዋል። የቁልፍ ሰሌዳ የለውም፣ ጽሑፍ የሚታይበት መስታወት የለውም። ፊት ለፊቱ ላይ የተደረደሩትን ማብሪያ ማጥፊያዎች ወደ ላይ ወደ ታች እያሉ ትእዛዝ ይሰጡታል፣ በሚበሩ ትናንሽ መብራቶች ይመልሳል። ማስታወሻው 256 ባይት ነው፤ አንድ አጭር አንቀጽ የማይዝ። ሮበርትስ ጥቂት መቶ ቢሸጥልኝ ከዕዳ እወጣለሁ ብሎ ነበር፤ ትእዛዙ በሺህ መጣ። ሰዎቹ የፈለጉት ሣጥኑ የሚሠራውን ሥራ አይደለም፤ የሚሠራው ሥራ ገና አልነበረውም። የፈለጉት የራሳቸው መሆኑን ነው። ሮበርትስ ድርጅቱን ከሸጠ በኋላ ሕክምና ተምሮ በጆርጂያ ገጠር ሐኪም ሆነ፣ በ2010 በዚያው ሙያ ላይ እያለ አረፈ።

ፖል አለን መጽሔቱን ይዞ ወደ ጓደኛው ወደ ቢል ጌትስ ሮጠ። አልቴርን በዓይናቸው ሳያዩ፣ የሐርቫርድን ትልቅ ኮምፒውተር እንደ 8080 እንዲያስብ አድርገው ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጻፉለት። አለን በአውሮፕላን ወስዶ ሲሞክረው ሠራ። ማይክሮሶፍት በሚያዝያ 1975 ተቋቋመ። በዚያው ዓመት በመጋቢት በካሊፎርኒያ ሜንሎ ፓርክ፣ በጎርደን ፍሬንች ጋራዥ ውስጥ፣ ሆምብሩ ኮምፒውተር ክለብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበሰበ። ሥዕላዊ ንድፉን የሚደብቅ አልነበረም፤ ያወቀ ላላወቀው ያሳያል። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ በሂውሌት ፓካርድ የሒሳብ ማሽን የሚሠራው ስቲቭ ዎዝኒያክ ነው።

ማይክሮሶፍት በተቋቋመበት በዚያው ወር፣ በሚያዝያ 13 ቀን 1975፣ ቤይሩት ዓይን ኤል ረማኔ ሠፈር አውቶቡስ በጥይት ተደበደበ፤ አሥራ አምስት ዓመት የቆየው የእርስ በእርስ ጦርነት ከዚያ ጀመረ። ጦርነቱ ካወደማቸው ሠፈሮች አንዱ ካራንቲና ነው፤ ከወደቡ በስተምሥራቅ፣ ከቤይሩት ወንዝ አፍ አጠገብ ይገኛል። በ1830ዎቹ በመርከብ የሚመጡ መንገደኞች ከበሽታ ነጻ መሆናቸው እስኪረጋገጥ የሚቆዩበት ሆኖ ተሠራ፤ ከዚያ በኋላ ከእልቂት የተረፉ አርመናውያን፣ ኩርዶች፣ ፍልስጥኤማውያንና የደቡብ ሊባኖስ ድሆች ተራ በተራ መጠለያ አደረጉት። በጥር 18 ቀን 1976 ሚሊሻዎች ሠፈሩን ወርረው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደሉ፣ የቆርቆሮ ቤቶቹን አቃጥለው አፈረሱ። ሁለት ወር ተኩል ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 1 ቀን 1976፣ አፕል ተመሠረተ። ሁለቱን ያጎራበትኩት የሚያገናኛቸው ምክንያት ኖሮ አይደለም፤ የአንዱ ዓመት ታሪክ ሲጻፍ ሌላው ስለሚዘነጋ ነው።

ዎዝኒያክ የሠራውን የኮምፒውተር ንድፍ መጀመሪያ ለአሠሪው ለሂውሌት ፓካርድ አቅርቦ ነበር፤ አልተፈለገም። ጓደኛው ስቲቭ ጆብስ እንሽጠው አለ። አፕል 1 በ666 ዶላር ከ66 ሳንቲም ወጣ፤ ተራ ኪቦርድና ቴሌቪዥን የሚሰካበት አንድ ቦርድ ነው። አእምሮው ቸክ ፔድልና ባልደረቦቹ የሠሩት 6502 ነው፤ ዋጋው 25 ዶላር ብቻ ስለነበረ አንድ ደመወዝተኛ ኮምፒውተር ሊያልም የቻለው በእሱ ነው። በ1977 ተገጣጥመው የሚሸጡ ሦስት ኮምፒውተሮች ተከታትለው ገበያ ገቡ፤ አፕል 2፣ ኮሞዶር ፔትና የታንዲ ቲአርኤስ 80።

ስለ አፕል 2 ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር የእንግሊዝኛን ትንንሽ ፊደላት መጻፍ አለመቻሉ ነው። በውስጡ የተቀረጹት ቅርጾች 64 ናቸው፤ ትልልቆቹ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች። ቲአርኤስ 80ም እንዲሁ ነበር። ማስታወሻ ውድ ስለነበረ የማሽኑ ባለቤቶች የገዛ ፊደላቸውን ግማሽ ትተውታል። ደራሲያን ተጨማሪ ዕቃ እየገዙ፣ ሽቦ እየበየዱ ትንንሾቹን ፊደላት አስመለሱ። የሳጥኑ ክዳን በእጅ የሚነሣ ነበር፣ ውስጡ ሌላ ሰው የሠራው ካርድ የሚሰካባቸው ስምንት መሰኪያዎች ነበሩ። ዎዝኒያክ እነዚያ መሰኪያዎች እንዲኖሩ ከጆብስ ጋር ተከራክሯል፤ ደግነቱ አሸነፈ።

በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክ የተባለውን የመጀመሪያ የሒሳብ ሠንጠረዥ ሲያወጡ ኮምፒውተር ወደ ነጋዴ ቢሮ ገባ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ኢትዮጵያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጀመረች። እናቶች ጨቅላ አዝለው፣ ሽማግሌዎች ከእርሻ ተመልሰው ማታ ሀሁ ቆጠሩ። ዘመቻው በኋላ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ሆነ፣ ሁሉም በዚሁ ፊደል። በ1980 የዩኔስኮ ሽልማት አገኘ። ፊደሉን የሚያነብ ሰው በሚሊዮን ሲጨምር፣ አዲሱ ማሽን ከፊደሉ አንዲት ሆሄ እንኳ አያውቅም ነበር።

በነሐሴ 12 ቀን 1981 አይቢኤም ገባበት። በፍሎሪዳ ቦካ ራቶን በዶን ኤስትሪጅ የተመራ ትንሽ ቡድን በአንድ ዓመት ውስጥ የሠራው ኮምፒውተር ነው። ጊዜ ስላልነበራቸው ክፍሎቹን ከውጭ ገዙ፤ ቺፑን ከኢንቴል፣ ማሽኑን የሚያስተዳድረውን ስርዓት ከማይክሮሶፍት፤ ማይክሮሶፍትም ከቲም ፓተርሰን ሥራ ገዝቶ። ከዚያ በፊት ለትናንሽ ኮምፒውተሮች ሲፒኤም የተባለውን ስርዓት የጻፈው ጋሪ ኪልዳል ዕድሉ አምልጦት ቀረ፤ ዛሬ ከሚገባው በታች ይታወሳል። አይቢኤም ግን አንድ ትልቅ ነገር አደረገ። የማሽኑን ንድፍና የውስጥ ትእዛዙን ሳይቀር በመጽሐፍ አትሞ ሸጠ። ማንም አንብቦ የሚሰካ ካርድ ሊሠራለት ይችላል። የፊደል ቦታውም ወደ 256 አደገ። ሦስት መቶ ላለን ለእኛ አሁንም አይበቃም፤ ደግሞ ግማሹን እንግሊዝኛ ይዞታል።

በዚህ በር መጀመሪያ የገባው ታይላንዳዊ ነው። ቫን ሱዋኑኩል በካሊፎርኒያ የዶክትሬት ጽሑፉን በታይ ፊደል ለመጻፍ ፈለገ። የታይ ፊደል 44 ተነባቢ አለው፣ አናባቢው ከላይም ከታችም ይቀመጣል። የአይቢኤም የጽሕፈት ካርድ ጥርት ያለ ፊደል ያወጣል፣ ነገር ግን በውስጡ ከታተሙት 256 ቅርጾች በቀር ምንም አይስልም። ሥዕል የሚስለው ሌላው ካርድ ደግሞ ፊደሉ ሻካራ ነው። ሱዋኑኩል ሁለቱን የሚያጣምር ካርድ በ1982 ሠራ፤ 720 በ348 ነጥብ፣ እያንዳንዷን ነጥብ ፕሮግራሙ እንደፈለገ የሚያበራት። ሄርኩለስ ብሎ ሰየመው። ካርዱ በዓለም ሁሉ ተሸጠ፤ የገዙት አብዛኞቹ ለሒሳብ ሠንጠረዥ ነው የገዙት። ከላቲን ውጪ ያሉ ፊደሎች ሁሉ ግን ባለውለታው ናቸው። ፊደል በማሽኑ ውስጥ የታተመ ማኅተም መሆኑ ቀርቶ ፕሮግራም የሚስለው ሥዕል ሆነ፤ ሥዕል ከሆነ ደግሞ «ሀ» እንደ እንግሊዝኛው «ኤ» ትሳላለች።

በ1984 ጥር ወር የወጣው ማኪንቶሽ ይህንኑ ነገር ከነውበቱ ይዞ መጣ። ሐሳቡ መሠረቱን ከዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ያገኘ ነው፤ ሱዛን ኬር የመጀመሪያዎቹን የፊደል ገጽታዎች ነጥብ በነጥብ ሣለች። የሱዛን ሥራ ለእኛ የሚጠቅመው ሌላ ሰውም ነጥብ በነጥብ የራሱን ፊደል መሣል ስለሚችል ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ የዜሮክሱ ጆ ቤከር «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» ላይ የዓለም ፊደሎች ሁሉ በአንድ ኮምፒውተር ሊጻፉ እንደሚችሉ የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ። ይህን ስም እንያዘው።

ዓረቦች በገንዘብ ቀደሙ። ኩዌታዊው መሐመድ አል ሻሬኽ በ1982 የጀመረው ሥራ ከጃፓን ኩባንያዎች ጋር ተዋውሎ «ሳኽር» የተባለውን የቤት ኮምፒውተር አስገኘ፤ ሲከፈት በዓረብኛ የሚቀበል፣ ልጆች በዓረብኛ ቤዚክ የሚማሩበት። ለአማርኛ እንዲህ ያለ ባለሀብት አልተነሣም። ደርግ ጦርነት ላይ ነው፣ ድርቅ አለ፣ የውጭ ምንዛሪ የለም።

የተነሡት ስደተኞችና ተማሪዎች ናቸው። አብዮቱና ቀይ ሽብር አሜሪካ ለትምህርት የሄደውን ኢትዮጵያዊ መመለሻ አሳጡት፤ ከእነሱ መሀል መሐንዲሶች ነበሩ፣ ጥቂቶቹም ኮምፒውተር በሚወለድበት በካሊፎርኒያ ሥራ ያዙ። ኢንጂነር ፍስሐ አጥላው የሠሩት ዎዝኒያክ በሠራበት በሂውሌት ፓካርድ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ዳሽን ኢንጂነሪንግ የተባለውን ድርጅታቸውን ከፍተው በግል ኮምፒውተር ላይ የኢትዮጵያን ፊደል የሚጽፍ ፕሮግራም ሠሩ። ከተራራ ሁሉ ዳሽንን መምረጣቸው ምን ያህል አገራቸው በልባቸው እንደነበረች ያሳያል።

የዚያን ዘመን ሥራ ክብደት ዛሬ መገመት ያስቸግራል። በመጀመሪያ ሦስት መቶ ሆሄ በትናንሽ ነጥቦች ይሣላል፤ በስምንት በአሥራ አራት ነጥብ ውስጥ «ጨ»ን ከ«ጬ»፣ «ቋ»ን ከ«ቃ» መለየት የዓይን ፈተና ነው። ቀጥሎ የቁልፍ ሰሌዳው አለ። ቁልፉ ሃምሳ ገደማ ስለሆነ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ግዕዙን ይቀበላል፣ ቀጥሎ የሚመታው ቁልፍ ካዕብ ይሁን ሣልስ ወይም ራብዕ ይነግረዋል፣ ወዲያው መስታወቱ ላይ ያለውን ሆሄ ያጠፋና ትክክለኛውን ይተካል። ይህ በአያና ብሩ መኪናም የነበረ ሐሳብ ነው፤ ልዩነቱ መኪናው ቅጥያውን በላዩ ይመታ ነበር፣ ኮምፒውተሩ ግን ሙሉውን ሆሄ ከነውበቱ ያወጣል። በመጨረሻ ማተሚያው። በመርፌ የሚመታው ማተሚያ የሚያውቀው እንግሊዝኛን ነው፤ ስለዚህ ገጹ ሁሉ እንደ ሥዕል በነጥብ ተፈትቶ ይላክለታል፣ አንድ ገጽ ለማውጣትም ረጅም ጊዜ እየጮኸ ይቆያል። ከዚያ ጩኸት በኋላ የወጣው ወረቀት ላይ ግን እግሩ ያልተቆረጠ «ሉ» ነበረ።

ዶክተር አበራ ሞላ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው። በኮሎራዶ ሲኖሩ በ1980ዎቹ መጨረሻ «ሞድኤት» የተባለውን ፕሮግራም አወጡ። እሳቸው የጸኑበት ነገር ሆሄ እንዳይቆረጥ ነው፤ እያንዳንዱ ሆሄ ሙሉ ሆኖ የራሱ ቦታ ይኑረው፣ ቦታው ካልበቃ ፊደሉ በብዙ ገበታ ይከፋፈል እንጂ አንዲት ሆሄ አትቀነስ። በፊደል ጉዳይ ብዙ ተከራክረዋል፣ ከብዙዎችም ጋር አልተስማሙም፤ በ2015 ለአጻጻፍ ዘዴያቸው የአሜሪካ ፓተንት አግኝተዋል። የሁሉን ክርክራቸውን ባልደግፍም በዚህ ጽናታቸው ላይ ግን ከእሳቸው ጋር ነኝ። ፊደል ለማሽን ይቆረጥ ሲባል በቤይሩትም በአዲስ አበባም ምን እንደሚመጣ ታይቷል።

አዲስ አበባም ዝም አላለችም። በአፍሪካ አዳራሽ የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1980 ፓዲስ የተባለ የመረጃ ማዕከል አቋቁሞ ነበር፤ ከአህጉሩ ቀደምት የኢሜይል መስመሮች አንዳንዶቹ በኋላ ከዚያ በስልክ ተዘረጉ። በሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ሥር የነበረው ብሔራዊ የኮምፒውተር ማዕከል «አጋፋሪ» የተባለውን የፊደል መጻፊያ ፕሮግራም ሠራ። ከአጋፋሪ የፊደል ገጽታዎች አንዱ በፊደል አጣጣል ሊቁ በይገዙ ብስራት ስም ተሰይሟል፤ በእጅ ሲጽፍ የኖረ ሰው ስም ኮምፒውተር ውስጥ ገባ።

ደርግ በ1991 ወደቀ፣ የፕሬስ አዋጁ በጥቅምት 1992 ወጣ። በየሳምንቱ አዲስ ጋዜጣ፣ በየወሩ አዲስ መጽሔት መንገድ ላይ ተዘረጋ። ይህ ጎርፍ በእርሳስ ፊደል ለቀማ ሊሆን አይችልም ነበር፤ የሆነው አንድ ኮምፒውተርና አንድ የሌዘር ማተሚያ በያዙ ጠባብ ክፍሎች ነው። ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የሚባሉት ፕሮግራሞች አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርተው በየጽሕፈት አገልግሎት ሱቁ ገቡ። ከሴክሬታሪ ማሠልጠኛ የወጡ ሴቶች ከኦሊቬቲ ወደ ኪቦርድ ተሻገሩ፤ ማመልከቻ፣ ውል፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ በጣታቸው አለፈ። የዚህች አገር የኮምፒውተር ታሪክ ሲነገር እነሱ አይጠሩም፤ የፊደሉን የቁልፍ ቦታ በጣታቸው ሸምድደው በሕዝብ ዘንድ ያለመዱት ግን እነሱ ናቸው።

አንድ ትልቅ ችግር ነበረ። እያንዳንዱ ፕሮግራም ሆሄውን ያስቀመጠው ደስ ባለው ቁጥር ላይ ነው። የአንዱ «መ» በሌላው «ጸ» ነው። በአንዱ ሱቅ የተጻፈ ዲስኬት ሌላ ሱቅ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይዘረግፋል። አንድ ገበታ ከ256 በላይ ስለማይዝም የአንድ ቃል ሆሄዎች በሁለት ገበታ ተከፍለው ሊቀመጡ ይችላሉ፤ አንዱ ከጠፋ ቃሉ ይጎድላል። መፈለግ፣ በፊደል ተራ መደርደር፣ ወደ ሌላ አገር መላክ፣ አንዱም አይሆንም። ብዙ የ1990ዎቹ ሰነድ ዛሬ የማይከፈተው በዚህ ነው።

ከአሜሪካ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ለጊዜው የሚሆን መሸጋገሪያ ሰጡ። «ሴራ» ይባላል። ፊደሉን በላቲን ሆሄያት በማያሻማ ሥርዓት መወከል ነው፤ ትንሿ ቲ ለ«ተ»፣ ትልቋ ቲ ለ«ጠ» ትሆናለች፣ አናባቢው ይከተላል። በየትኛውም ኮምፒውተር ይሄዳል፣ ፕሮግራም ያለው ተቀባይ መልሶ ወደ ፊደል ይለውጠዋል። ሊባኖሳውያን ወጣቶችም በስልክ ዓረብኛ መጻፍ ሲቸግራቸው በላቲን መሀል 3ን ለዐይን፣ 7ን ለጠንካራዋ ሐ አስገብተው መጻፍ ጀመሩ። ሥርዓቱን ያወጣ ኮሚቴ አልነበረም።

ዘላቂው መፍትሔ ከጆ ቤከር ሐሳብ መጣ። በነሐሴ 1988 ከዜሮክስ ባወጣው ሰነድ ለዓለም ፊደል ሁሉ አንድ የጋራ የቁጥር መዝገብ ይኑር አለ፤ ስሙ ዩኒኮድ፣ ቦታው 65,536። የአፕሎቹ ሊ ኮሊንስና ማርክ ዴቪስ አብረውት ነበሩ። ማኅበሩ በጥር 1991 ተቋቋመ፣ የመጀመሪያው እትም በጥቅምት ወጣ፤ የእኛ ፊደል አልነበረበትም። ለማስገባት ዓመታት ፈጀ። ፍስሐ አጥላውና ዳንኤል ያዕቆብን ጨምሮ ሰዎች ዝርዝሩን አዘጋጁ፣ ተከራከሩ፣ ጻፉ። ለአማርኛ ብቻ ቢሆን ይቀል ነበር፤ የግዕዝ፣ የትግርኛና የሌሎቹም ሆሄ አብሮ መቆጠር ነበረበት። ሊኬድባቸው የሚችሉ መንገዶች ሁለት ነበሩ፤ ግንዱንና ቅጥያውን ለየብቻ መመዝገብ፣ ወይም እያንዳንዱን ሆሄ ሙሉውን መመዝገብ። የተመረጠው ሁለተኛው ነው። በመስከረም 1999 ሦስተኛው እትም ሲወጣ 345 የኢትዮጵያ ሆሄ፣ ቁጥርና ምልክት ተመዘገበ። «ሀ» 4608 ሆነች፣ «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624። ለእያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ ተሰጠው፤ ሰባቱ ለሰባቱ ድምፅ፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» ላለችው። የየኔታ ገበታ ቅደም ተከተሉን ሳይለቅ በዓለም መዝገብ ገባ።

መዝገብ ውስጥ መግባትና መሣሪያ ላይ መታየት ግን ይለያያሉ። በ2005 ተጨማሪ ሆሄዎች በዩኒኮድ ተመዘገቡ፤ ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ለሕዝብ ሲሸጥ «ኒያላ» የተባለውን የኢትዮጵያ ፊደል አብሮት ይዞ መጣ፣ ሌላ ዕቃ ሳይገዛ አማርኛ የሚታይበት ሆነ። ከዚያ በ2010ዎቹ ስማርትፎኑ ደረሰ። የግል ኮምፒውተር የሚለው ሐሳብ እውነተኛ ፍጻሜውን ያገኘው በእነዚህ ስልኮች ነው ብል አላጋነንኩም፤ ከአልቴር በሚሊዮን እጥፍ የበለጠ ማስታወሻ ያለው ኮምፒውተር የአንዲት የቤት ሠራተኛ የግል ንብረት ሆነ።

በሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከፋላ በሚባለው፣ ሠራተኛን ከአሠሪ ጋር በሚያስረው ሥርዓት የምትሠራ ሴት ብዙ ጊዜ ፓስፖርቷ ማዳሟ፣ ማለት አሠሪዋ፣ ዘንድ ነው፣ የዕረፍት ቀኗ በማዳሟ ፈቃድ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከበር አትወጣም። የሚቀራት ስልኳ ነው። ስልኩ ፊደል ባላወቀባቸው ዓመታት ለእናቷ የምትልከው መልእክት በላቲን ይጻፍ ነበር፤ እናት የምታነበው ሌላ ልጇን አስነብባ፣ ወይም እንግሊዝኛ የሚቆጥር የጎረቤት ልጅ ተፈልጎ ነበር። በመሠረተ ትምህርት ሀሁ የቆጠረች እናት ፊደሉ ሲመጣ ራሷ አነበበችው።

በነሐሴ 4 ቀን 2020 ማምሻ፣ በቤይሩት ወደብ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠው 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ። ካራንቲና ከወደቡ ጋር ድንበርተኛ ስለሆነ ሆስፒታሉ ሳይቀር ፈራረሰ፤ ከቆሰሉትና ቤት ካጡት መሀል የውጭ አገር ሠራተኞች፣ ኢትዮጵያውያንም አሉ። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ የሊባኖስ ገንዘብ የሊራ መውደቅ ያስደነገጣቸው አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን ሐዝሚዬ ባለው ቆንስላ ደጃፍ እየጣሉ ሄደው ነበር። በዚያ ክረምት ማን እንዳለ፣ ማን እንደጠፋ፣ የት መጠለያ እንደሚገኝ፣ የትኛው ድርጅት ምግብ እንደሚያድል ከስልክ ወደ ስልክ በአማርኛ ፊደል ተላለፈ። ለሀገር ቤት ዘመድ «አለሁ» ለማለት ሦስት ሆሄ በቂ ነበረ፤ አንዳቸውም በላቲን ማለፍ አላስፈለጋቸውም።

ሥራው አላለቀም። በመስከረም 2021 የወጣው አሥራ አራተኛው የዩኒኮድ እትም የጉራጌ ቋንቋዎች የሚጻፉባቸውን 28 ተጨማሪ ሆሄዎች መዘገበ። እነዚህን የሚያሳይ የፊደል ገጽታ ባልደረሰበት ስልክ ላይ በሆሄው ፈንታ ባዶ አራት ማዕዘን ይወጣል። ያን አራት ማዕዘን ለመሙላት ፊደል የሚሥሉና የቁልፍ ሰሌዳ የሚጽፉ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ እንደ ፍስሐና እንደ አበራ ዘመን ሁሉ ብዙዎቹ ሌላ የዕለት ሥራ አላቸው።